ለሴቶች ጤና ሥራ ከውጭ አገር ወደ ሰሜን ሸዋ ለሚመጡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በውጭ አገር የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን አዋላጆች፣ ነርሶችና ሐኪሞች፣ እንዲሁም አብረዋችሁ የሚመጡ የውጭ ባልደረቦቻችሁ በደረሳችሁ ሰሞን ደጋግማችሁ የምትጠይቁንን እዚህ መልሰናል።

የትኛው ሰሜን ሸዋ ነው? ከአዲስ አበባስ ምን ያህል ይርቃል?

ሁለት ሰሜን ሸዋ አለ። አንዱ በኦሮሚያ ክልል ነው፤ ዋና ከተማው ፍቼ ነው። ሌላው በአማራ ክልል ነው፤ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ነው። እዚህ የምንናገረው ስለ ደብረ ብርሃኑ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ስታጽፉ የክልሉን ስም አብራችሁ አስጽፉ፤ ወደ ሌላው ዞን የሄደ ደብዳቤ እስኪመለስ ብዙ ቀን ይባክናል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ በአስፋልት ይደረሳል። ዞኑ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው ማለት ይቻላል፤ ከመንዝ ብርዳማ ሜዳ እስከ ቀወት ቆላ፣ ከአንኮበር ተራራ እስከ መርሐቤቴ ይዘልቃል። ወደ አለም ከተማ ለመሄድ ብዙ ሰው በሙከጡሪ በኩል ዞሮ የጀማን ሸለቆ ይወርድና ይወጣል። የምትመደቡበትን ወረዳ ሳታውቁ ሻንጣ አትዝጉ።

በደረስኩ ሰሞን ሰውነቴ ምን ይሰማዋል?

ብርድና የትንፋሽ ማጠር። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራስ ይከብዳል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ትንሽ ዳገት ያስተነፍሳል። ውሃ ጠጡ፤ በደረሳችሁበት ዕለት የሌሊት ተረኛ እሆናለሁ አትበሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ወፍራም ሹራብና ካልሲ ይዛችሁ ኑ፤ ጋቢውን እዚሁ ገበያ ታገኛላችሁ።

ጣርማ በርን አልፋችሁ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ያ ሁሉ ልብስ ይወልቃል። እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ወባም አለ። በአንድ ቀን ከውርጭ ወደ ወባ አገር ስለምትወርዱ አጎበርና የወባ መከላከያ ጉዳይ ከመምጣታችሁ በፊት ይታሰብበት፤ በተለይ ከመካከላችሁ ነፍሰ ጡር ካለች።

ከፍታው በሕክምና ሥራዬ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ከውጭ የሚመጡ ባለሙያዎች ቶሎ የማያስተውሉትም ይህንኑ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ሄሞግሎቢኗ (በደሟ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ11 ግራም በታች ሲሆን ደም ማነስ አለባት የሚባለው በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ ሰውነት ራሱ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያመርት ከተነበበው ቁጥር ላይ ከአንድ ግራም በላይ መቀነስ ያስፈልጋል። ስለዚህ 11.5 ያነበባችሁላት የመንዝ ሴት «ደህና ነች» ተብላ ልትሄድ አይገባም። ብትደማ የምትቋቋምበት አቅም የላትም። በሌላ በኩል የኦክስጅን መለኪያው በባሕር ዳርቻ አገር የሚያስደነግጣችሁን ቁጥር እዚህ ጤነኛ ሰው ላይ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ለአራስ ሕፃን ደግሞ ብርዱ ራሱ በሽታ ነው። ወዲያው ማድረቅ፣ ኮፍያ ማድረግ፣ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማስተኛት፤ ይህን የትም ታውቁታላችሁ። እዚህ ግን ከሁሉ በፊት የማዋለጃ ክፍሉን መስኮት ተመልከቱ። ተሰብሮ በካርቶን የተሸፈነ መስታወት ካለ እሱን ማስጠገን ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

ሰዓቱንና ቀኑን እንዴት ላመዛዝን?

ውጭ ተወልዳችሁ ያደጋችሁና የውጭ ባልደረቦቻችሁ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በሕክምና ካርድ ላይ «8 ሰዓት ሌሊት» ከተጻፈ በእናንተ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት ነው። መድኃኒት የሰጣችሁበትን ሰዓት ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። በእርግዝና የደም ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ በየአራት ሰዓቱ የሚሰጥ ማግኒዚየም ሰልፌት ላይ የስድስት ሰዓት መምታታት ቀላል ነገር አይደለም።

የመውለጃ ቀን ስሌቱ ግን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይቀላል፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነውና። የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ትጨምራላችሁ፤ ጥቅምት 5 ያየች ሐምሌ 15 ትጠበቃለች። መካከሉ ላይ ጳጉሜን ካለች ዘጠኝ ወር ከ5 ቀን ይሆናል፤ ጥር 10 ያየች ጥቅምት 15 ትጠበቃለች። ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ በ5 ፈንታ 4 ትጨምራላችሁ። ቀኑን በቁጥር የማታስታውስ ሴት «ከጥምቀት ወዲህ አላየሁም» ወይም «ሁዳዴ ሲገባ ነው የቀረብኝ» ትላችኋለች። ይህ ጥሩ መረጃ ነው፤ የዓመቱን በዓላትና አጿማት ከነቀናቸው ጽፋችሁ ከኪሳችሁ አትለዩ።

በጤና ተቋም ውስጥ ማን ምን ይሠራል?

ከታች ጤና ኬላ አለ፤ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት በየቀበሌው የተመደቡ ሴት ባለሙያዎች ይሠሩበታል። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ አጠቃላይ ሆስፒታል እያለ ይወጣል። ጤና ጣቢያ ላይ የምታገኙት አዋላጅ ነርስ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊቱን ብቻውን ወይም ብቻዋን የሚያድር። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በምጥ የተያዘችን ሴት በኦፕራሲዮን የሚያዋልደው በአብዛኛው የማህፀን ሐኪም ሳይሆን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ በልዩ ሁኔታ በማስተርስ ደረጃ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ነው። «ሐኪም አይደለም» ብላችሁ እንዳትንቁት፤ ብዙ እናት የተረፈችው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ፈልጋችሁ ተዋወቋት። የትኛዋ ሴት ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የማን ባል አልቀበልም እንዳለ፣ የትኛው ወንዝ በክረምት እንደማይሻገሩት የምታውቀው እሷ ናት። ሕዝቡ ነርሷንም አዋላጇንም «ሲስተር» ይላቸዋል፤ ወንዱን ባለሙያ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል።

ማዋለጃ ክፍሉን መጀመሪያ ሳይ ምን ይጠብቀኛል?

በአንድ ክፍል ሁለት ሦስት አልጋ፣ መካከላቸው ስስ መጋረጃ። በኮሪደሩ በእህቷ ትከሻ ተደግፋ የምትንጎራደድ በምጥ ላይ ያለች ሴት። ቧንቧው በደረቀ ቀን በጀሪካን የሚቀርብ ውሃ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ የሚሰፋ ቁስል። በግንባር የሚታሰር ባትሪ ይዛችሁ ኑ። የመጣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ዓይኑ የሚያርፈው በጎደለው ነገር ላይ ነው፤ ማታ ተቀምጦ የሚጽፈውም የጎደለውን ዝርዝር ነው።

ያንን ዝርዝር አትጻፉ አንልም። ግን ሳምንት ጠብቁ፤ መጀመሪያ ተመልከቱ። አዋላጇ ሆድ ላይ ተደርጎ በጆሮ በሚደመጥ ፌቶስኮፕ ብቻ የፅንሱን ልብ ስታዳምጥ፣ በእጇ ዳስሳ ልጁ የተገለበጠ መሆኑን ስታውቅ፣ አንዷን እያዋለደች የሌላዋን ድምፅ ሰምታ «ይቺ ልትወልድ ነው» ስትል ታያላችሁ። ብዙ ማሽን ባለበት ቦታ የሠለጠነ ባለሙያ ይህን ችሎታ አጥቶት ሊሆን ይችላል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይሆን፣ ከማስተማር በፊት አብራችሁ ተረኛ ሁኑ።

ከዚያ በኋላ ስትጠይቁ ደግሞ «ምን የላችሁም?» ሳይሆን «ያለው ለምን አይሠራም?» ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ደም ለማቆም የሚወጋው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ ስላለ አለ ማለት አይቻልም፤ ፍሪጁ መብራት በጠፋበት ሌሊት ምን ያህል እንደሞቀ ማን ይመዘግባል? እንዲህ ያለው ጥያቄ ሕይወት ያተርፋል።

እናቶቹ ለምን ዝም ይላሉ? አያማቸውም?

ያማቸዋል። በደጋው ሸዋ በምጥ ጊዜ መጮኽ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ሴቲቱ ጥርሷን ነክሳ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ታሳልፈዋለች። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ያሉ ሙስሊም እናቶችም አላህን እየጠሩ እንዲሁ ይችሉታል። ጩኸት መጠበቅ የለመደ ባለሙያ «ገና ነች» ብሎ ያልፋታል፤ ዞር ሲል ልጁ ይመጣል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ማህፀኗ ሊቀደድ የደረሰች ሴት ዝም ስላለች ብቻ ስትታለፍ ነው። በድምፅ አትመኑ። እጃችሁን ሆዷ ላይ አድርጉ፣ የልብ ምቷን ቁጠሩ፣ ፓርቶግራፉን (የምጡን ሂደት የምትከታተሉበትን ሰንጠረዥ) በሰዓቱ ሙሉ።

ሌላም የሚያደናግር አለ። ስትጠይቋት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ አጭር ድምፅ ታሰማለች። የውጭ ባልደረቦቻችሁ አየር ያጠራት ወይም የደነገጠች ይመስላቸዋል፤ እሷ ግን «አዎን» ማለቷ ነው። አዎንታዋም ሁልጊዜ ስምምነት አይደለም፤ ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው «እምቢ» ማለት ስለሚከብዳት ነው። ስለ ኦፕራሲዮን አስረድታችሁ «ገባሽ?» ብትሏት «እሺ» ትላለች። «እስቲ አሁን ለእናትሽ ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?» በሏት። ያን ጊዜ የገባትና ያልገባት ይለያል። ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ የሴትን አካል የምትነኩ ሁሉ እነዚህን ሁለት ደቂቃዎች ካልሰጣችሁ ሌላው ደግነታችሁ ሁሉ ጎዶሎ ነው።

ገንፎውና ቡናው በወሊድ ክፍል ምን ይሠራል? ጾሙስ?

ወልዳ የተገላገለች ሴት ገንፎ በቅቤ ይቀርብላታል፤ በብዙ ጤና ተቋማት ቡና የሚፈላበት ቦታም ተዘጋጅቷል። ይህ የሆነው ሴቶች በቤት የሚወልዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሥርዓት መሆኑ ስለታወቀ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሉ፤ «ማርያም ታኑራችሁ» ትላችኋለች። በሙስሊም ቤት በማርያም ፈንታ በፈጣሪ ስም እንኳን ደስ አለሽ ማለት ይበቃል።

ነፍሰ ጡርና አራስ ከጾም ነፃ መሆናቸውን ቤተ ክርስቲያኗ ትፈቅዳለች፤ ሆኖም የማይጾሙ ሴቶች ጥቂት ናቸው። የ55 ቀኑ ሁዳዴ ላይ ያለችን ሴት «እንቁላል ብዪ» ብላችሁ ብታዝዟት አትበላም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ለውዝ እንድታበዛ፣ የብረት ክኒኗንም ቡና በጠጣችበት ሰዓት እንዳትውጥ ምከሯት። የንስሐ አባቷ ቢነግሯት ደግሞ ከሁላችን ይልቅ ትሰማቸዋለች፤ እሳቸውን ማነጋገር ነውር የለበትም።

ከወለደች በኋላ ልጁ ወንድ ከሆነ በ40 ቀን፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል፤ እስከዚያ እናት ከቤት ብዙም አትወጣም። አብዛኛው ሞት የሚደርሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ስለዚህ ትመጣለች ብላችሁ አትጠብቁ፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ወደ ቤቷ ሂዱ።

እንዲህ ያለ አገልግሎት በነፃ እያለ ለምን ዘግይተው ይመጣሉ?

የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋም ከክፍያ ነፃ ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱት ሴቶችም በዝተዋል፤ በአገር አቀፍ ጥናት በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 26 በመቶ የነበረው በ2019 ወደ 48 በመቶ ደርሷል። ያም ሆኖ ወደ እናንተ እጅ የምትደርሰው ሴት ከሦስት መዘግየት የተረፈች ናት፦ በቤት ለመወሰን፣ በመንገድ ለመድረስ፣ በተቋሙ ለመታከም። እናንተ የምታዩት ሦስተኛውን ብቻ ነው።

አምቡላንስ የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው። ከጀማ ሸለቆ ወይም ከአንኮበር ሥር ካለ መንደር በምጥ የተያዘችን ሴት ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው እየተፈራረቁ ነው የሚያወጧት። በክረምት ወንዝ ሞልቶ ከሆነ ማዶ ያድራሉ። ለዚህ የተበጀው መላ የእናቶች ማቆያ ቤት ነው። የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ መጥታ በተቋሙ ግቢ ትቆያለች፤ በአገራችን የመጀመሪያው በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል ተጀምሯል። ማቆያ ቤት ባዶ ሆኖ ካያችሁት «አይፈልጉትም» አትበሉ። ልጆቿን ማን ይጠብቃል? ከብቱን ማን ያጠጣል? ማቆያው ውስጥ እህልና ማገዶ አለ? አስታማሚዋ የት ታድራለች? ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ካለ እዚህ ላይ ቢውል በግሌ እመርጣለሁ፤ ከአንድ አልትራሳውንድ ይልቅ።

የፊስቱላና የማህፀን መውጣት ታካሚዎች ይገጥሙኛል?

የማህፀን መውጣት፣ አዎን፣ በብዛት። ብዙ የወለዱ፣ በወለዱ በሳምንታቸው እንስራና እንጨት የተሸከሙ እናቶች ለዓመታት ደብቀውት ኖረው «ወገቤን ያመኛል» ብለው ይመጣሉ። ወገቧን ብቻ መርምራችሁ አትሸኟት፤ ለብቻዋ አድርጋችሁ ጠይቋት።

ፊስቱላ፣ ማለትም በተራዘመ ምጥ ሳቢያ የሚፈጠርና ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ፣ እየቀነሰ ነው፤ አልጠፋም። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ የመጡት አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ያገኟቸው የፊስቱላ ታካሚዎች የሕይወታቸውን አቅጣጫ ቀየሩት፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ካትሪን በ2020 እስካረፉ ድረስ ኑሯቸው እዚሁ አገር ነበር። ሆስፒታሉ የተሰየመላቸው ልዕልት ራሳቸው እንግሊዝ አገር የሠለጠኑ ነርስ ነበሩ፤ በ1942 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእርግዝና ምክንያት በሞት ተለዩ። ሽንት የማይቋጥር ሴት ካገኛችሁ እዚሁ ልጠግን ብላችሁ አትሞክሩ። የመጀመሪያው ጥገና ከተበላሸ ሁለተኛው ይከብዳል፤ ወደ አዲስ አበባ ላኳት፣ የመሳፈሪያዋንም ነገር አስቡበት።

መድኃኒትና ዕቃ ይዤ ልምጣ?

ሳትጠይቁ አታምጡ። መድኃኒት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ይፈልጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሚለገስ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ የቀረው እንዲሆን ይጠይቃል። ማሽን ከሆነ በ220 ቮልት መሥራቱን፣ መለዋወጫውና ወረቀቱ እዚህ መገኘቱን አረጋግጡ። በየሆስፒታሉ ጓሮ ዝናብ የሚመታው የተለገሰ ዕቃ ሞልቷል፤ ያሳዝናል።

የሥራ ፈቃድስ?

ለጉብኝት ቢሆን እንኳ ታካሚ ለመንካት ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዲፕሎማና የሙያ ፈቃዳችሁን ካላችሁበት አገር አረጋግጣችሁ አምጡ፤ ከምትሠሩበት ተቋም የጥሪ ደብዳቤ ይኑራችሁ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆን ፈቃዱን አያስቀርም።

ወንድ ከሆንኩ እናቶቹ ይቀበሉኛል?

በሰሜን ሸዋ ወንድ አዋላጆች ብዙ ናቸው፤ ሕዝቡ ለምዷቸዋል። ሆኖም ሴት ባለሙያ ካለች የሚመርጡ አሉ፤ ጠይቁ፣ ምርጫዋን አክብሩ። ስትመረምሩ ሴት ባልደረባ አብራችሁ ትኑር። ሽፋን ሳታደርጉ፣ በር ሳትዘጉ አትጀምሩ። ትልልቆቹን «እናቴ» ወይም «እማማ» እያላችሁ በአንቱታ አነጋግሩ፤ ታናሽ ብትሆንም «አይዞሽ እህቴ» የሚል ቃል አይለያችሁ።

ግርዛትና ያለዕድሜ ጋብቻ ሳይ ምን ልበል?

ሁለቱም በሕግ የተከለከሉ ናቸው፤ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፣ ግርዛትም በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በዚህ አካባቢ ግርዛት ሲፈጸም የኖረው በሕፃንነት ስለሆነ ሴቲቱ ራሷ ላታስታውሰው ትችላለች። ማዋለጃ አልጋ ላይ ያለችን ሴት በድንጋጤ ፊት አትመልከቷት፤ ነውሩ የእሷ አይደለም። የሚነገርበት ጊዜ ሴት ልጅ ወልዳ ልትወጣ ስትል ነው፤ ለአያትየዋም ጭምር፣ በእርጋታ።

አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ነፍሰ ጡር ብትመጣ ግን ለብቻዋ ማነጋገርና ለተቋሙ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው። በሌላ አገር ሕግ አትመሩ፤ የኛን ጠይቃችሁ ሥሩ።

ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?

አይቻልም። በምጥ ላይ ያለች ሴት «እሺ» ብትል እንኳ እሺታዋ ፈቃድ አይደለም።

ጸጥታው እንዴት ነው?

ዞኑ ብዙ አይቷል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ ግጭት አለ። በደብረ ብርሃን ከሌላ አካባቢ የተፈናቀሉ ብዙ እናቶች በመጠለያ ኖረዋል። መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ከደብረ ብርሃን ከመውጣታችሁ በፊት በዚያው ጠዋት የምትሄዱበትን ተቋም ደውላችሁ ጠይቁ፤ «አትምጡ» ከተባላችሁ አትሂዱ። የእናንተ መታገት ወይም መጎዳት ያንን ጤና ጣቢያ ለወራት ያዘጋዋል።

እናት ብትሞትብኝስ? ለቤተሰቧ እኔ ልንገር?

ሊገጥማችሁ ይችላል። በአገር አቀፍ ጥናት በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ለሞተችው ባል ግን ምንም አይነግረውም።

በለመዳችሁበት አገር ሐኪሙ ራሱ ዘመዶቿን ክፍል አስገብቶ በቀጥታ ይነግራል። እዚህ መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ቀድሞ፣ ለደካማውና ለነፍሰ ጡሯ ተጠንቅቆ ነው የሚነገረው። ብቻችሁን በኮሪደር ላይ አትናገሩ። ተረኛዋን አዋላጅ ወይም ማትሯኗን (የነርሶቹን ኃላፊ) ጥሩ፤ ከአስታማሚዎቹ መካከል ጠንከር ያለውን እነሱ ይመርጣሉ። እናንተ አጠገባቸው ቁሙ። የሞቷን ምክንያት ሲጠይቋችሁ እውነቱን በቀላል ቃል ንገሩ፤ «የእግዜር ሥራ ነው» ማለት ለእነሱ ነው እንጂ ለእኛ መሸሸጊያ አይሆንም። ቀብሩ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ስለሚሆን በወረቀት ሥራ አታቆዩአቸው።

ከዚያ ሳትተኙ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፉ፤ መቼ መጣች፣ ማን አያት፣ ምን ተሰጣት፣ አምቡላንስ መቼ ተጠራ። በየተቋሙ የእናቶች ሞት ግምገማ ይደረጋል፤ ጥፋተኛ ለመፈለግ ሳይሆን የቱ ጋ እንደዘገየ ለማወቅ ነው። እናንተም ቁጭ በሉበት፤ ከአገር የምትወጡበት ቀን ከግምገማው ቀን ቀድሞ ከሆነ የጻፋችሁትን ፈርማችሁ ለኃላፊው አስረክቡ።